«እኔ» ማለትን ላስተማሩኝ ሐኪም

በእንግሊዝ አገር በሕፃናት ስፔሻሊስትነት እንድሠራ የቅጥር ደብዳቤ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ደስታዬን ከማውራቴ በፊት ግን ዕዳዬን ልክፈል። «ስሜን ብትጽፊ ሁለተኛ ስልክሽን አላነሳም» ስላሉኝ «ዶክተር» ብቻ እላቸዋለሁ።

ዶክተር እዚያው አገር ለረጅም ዓመታት የሠሩ፣ በጠያቂዎች ወንበርም ብዙ ጊዜ የተቀመጡ ኢትዮጵያዊት የሕፃናት ሐኪም ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ሐኪሞችን በቪዲዮ ያለማምዳሉ። ገንዘብ አይቀበሉም።

የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ለብቻዬ ተዘጋጅቼ ወድቄ ነበር። ዕውቀት ያነሰኝ መስሎኝ የማጅራት ገትር መድኃኒቶችን መጠን እንደ ውዳሴ ማርያም ሳነበንብ ከረምሁ። ዶክተር አንድ መልሴን ብቻ ሰምተው «አየን፣ ወሰንን፣ አዳንን ትያለሽ። ስንት ሆናችሁ ነው የምትቀጠሩት?» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። እኛ ዘንድ «እኔ አደረግሁ» ማለት ትዕቢት ይመስላል። ጠያቂዎቹ ግን በቅጻቸው ላይ ነጥብ የሚሰጡት አመልካቿ ራሷ ለሠራችው ነው።

ቀጥለው «የሦስት ወር ሕፃን በሳል መጣ፤ ጉንጩ ላይ ብልዘት አየሽ» አሉኝ። ደም እንዲረጋ ስለሚረዱት የደም ሕዋሳት፣ ስለ ፕላትሌት፣ እና ስለ ደም መርጋት አብራራሁ። «ገና ያልዳኸ ልጅ ከምን ጋር ተጋጨ?» ሲሉኝ ዝም አልሁ፤ ሰው ጎድቶት ይሆናል ብዬ አላሰብሁም ነበር። በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ውስጥ በአሳዳጊዎቿ ተሠቃይታ ስለሞተችው የስምንት ዓመቷ ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ ያን ዕለት ነገሩኝ። ከመሞቷ በፊት ሆስፒታል ቀርባ ምልክቶቿ እከክ ናቸው ተብሎ ነበር። ለካ የደም ምርመራው የመልሱ ግማሽ ብቻ ኖሯል። ልጁን አስተኝቶ መላ አካሉን ማየት፣ እያንዳንዱን ምልክት ከነቦታውና ከነመጠኑ መመዝገብ፣ በዚያው ቀን ለበላይ ሐኪምና ለማኅበራዊ አገልግሎት ማሳወቅ፣ ለወላጆችም ሳይወነጅሉ በግልጽ መናገር ይቀራል። በሁለተኛው ቃለ መጠይቄ ጥያቄው በሌላ መልክ መጣልኝ።

ዶክተር በልምምዳችን «ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?» ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስካሁን የለም» አልሁ። «እንግዲያው ወይ በሽተኛ አላከምሽም፣ ወይ ስህተትሽን አላየሽም» አሉኝ። በእንግሊዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ ታካሚ ጉዳት ሲደርስበት ሆስፒታሉ እውነቱን ነግሮ ይቅርታ የመጠየቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበት። ስለዚህ «ተሳስቼ አላውቅም» የሚል ሐኪም ጠያቂዎቹን ያስፈራቸዋል። የአሥርዮሽ ነጥብ በመሳሳት አሥር እጥፍ የጻፍሁትን የመድኃኒት መጠን ነርሷ እንዴት እንደያዘችልኝና ከዚያ ወዲህ ምን እንደለወጥሁ ተናገርሁ። መጀመሪያ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ደብዳቤው እንደደረሰኝ ደወልሁና «ተቀጠርን!» አልኋቸው። «ስንት ሆናችሁ?» አሉኝ።

ቁጡ መሆናቸውን አልደብቅም። መልስ ከረዘመ መሐል ላይ ያቋርጣሉ፤ የሥራ ማመልከቻም አይጽፉም። ሰዓት ላይ ቀልድ የለም፤ ሰባት ደቂቃ ዘግይቼ አንድ እሑድ ሙሉ ቀርቶብኛል። በነገራችን ላይ መጥሪያው ላይ ረፋድ 10 ሰዓት ከተባለ በበጋቸው የእኛ 6 ሰዓት፣ በክረምታቸው 7 ሰዓት ነው። የቃለ መጠይቅ ቀን የተቆረጠላችሁ የሕፃናት ሐኪሞች በውስጥ መልእክት ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።