ፍሪሲዮን ልትገዙ ከሆነ ካርቶኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ ክፈቱት

ቮልስ ያላችሁ፣ በተለይ እንደኔ «ለመካኒክ ምን አስከፈለኝ፣ ራሴ እፈታታታለሁ» የምትሉ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ሰሞኑን ተሸውጃለሁ። ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ዋጥ አድርጌው ዝም እል ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ መኪና ስር ተጋድሜ የገጠምኩት «አዲስ» ዕቃ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሆኖ ሲገኝ ግን አንጀቴ አረረ።

መኪናዋ የአባቴ ናት። እ.ኤ.አ. የ1972 ሞዴል፣ 1300። ፍሪሲዮኗ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለካምቢዮው (ለማርሽ ሳጥኑ) የሚያቀብለውና የሚያቋርጠው ክፍል፣ አልቆ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አትራመድም ነበር። መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርጄ ስጠይቅ አንዱ ባለሱቅ ሙሉ ስብስብ አወጣልኝ። ሸራ የተመታበት ዲስኩ፣ ዲስኩን ተጭኖ የሚይዘው ስፒንጂ ዲስኮው፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ስፒንጂ ዲስኮውን የሚገፋው ኩሽኔታው፣ ሁሉም በአንድ ካርቶን። ካርቶኑ ላይ የታወቀ የጀርመን ስም አለ። በላስቲክ ታሽጓል። ልክፈተው ስል «ወንድሜ፣ ላስቲኩ ከተቀደደ ማን ይገዛኛል? ፍሬሽ ነው፣ አትጠራጠር» አለኝ። እኔም አልተጠራጠርኩም። 14 ሺህ ብር ከፍዬ፣ «መለዋወጫ - 1» የሚል ደረሰኝ ይዤ ወጣሁ። ደረሰኙን ያን ጊዜ ልብ ብዬ አላነበብኩትም። በኋላ ነው ጉዱ የገባኝ።

ዕቃው ቤት ውስጥ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። የእህቴ ባል ነው የሚያግዘኝ፣ እሱ ደግሞ እረፍት ያገኘው ያኔ ነው። ይሄንንም ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ቮልስ ላይ ፍሪሲዮን ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያስረው አራት ቡሎን ነው፤ ሲያወሩት ቀላል ነው። ሞተሩ ግን ከነዕቃው ከመቶ ኪሎ አያንስም። በክሪክ ቀስ እያልን አሮጌ ጎማ ላይ አወረድነው። ሞተሩ ከወረደ አይቀር ብለን ከቮላኖው (ሞተሩ ጫፍ ላይ ከሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ኋላ ያለውን የዘይት ፓራዎሊዮም፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደውን፣ ቀየርነው። የቮላኖው ባለ 36 ቡሎን ወደ 350 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቀው። እኛ አንድ ሜትር ተኩል የውኃ ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክተን፣ የእህቴ ባል ቮላኖውን ይዞ፣ እኔ ቱቦው ላይ ተንጠልጥዬ ነው የፈታነው። ሲፈታ በጀርባዬ ወደቅሁ። እሱ እስካሁን ይስቅብኛል።

አዲሱን ካርቶን የከፈትነው ያኔ ነው። ስፒንጂ ዲስኮው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ዲስኩ ሸራው ንጹሕ። «አቤት ሲያምር!» አልን። ኩሽኔታው ብቻ አልገባ አለ። ለድሮው ካምቢዮ የተሠራ ነው። ከ1971 ሞዴል ወዲህ ያሉት ቮልሶች ካምቢዮ ላይ ኩሽኔታው የሚንሸራተትበት ቱቦ አለ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የላቸውም። በእውነቱ ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ሁሉንም መልሼ ካርቶን ውስጥ ከትቼ ሱቁ መሄድ። ግን ሞተር መሬት ላይ፣ ቀኑ መሽቷል፣ አሮጌው ኩሽኔታ ደግሞ በእጅ ሲያሽከረክሩት ደህና ነው። እሱኑ መልሰን ገጠምን።

በሳምንቱ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ያው ጩኸት። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይንጫጫል፣ መኪናዋ ዝም። ከዚያ ያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መጣ። መጀመሪያ ራሴን ነበር የጠረጠርኩት። ገመዱን አወጠርኩት መሰለኝ ብዬ ወርጄ፣ ካምቢዮው ጎን ያለችውን ባለክንፍ ዳዶ ላላ አደረግኳት። ፔዳሉ ሥራ ሳይጀምር ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር በባዶ መውረድ አለበት። ልክ ነው። ገመዱ ምንም አልሆነም።

ሞተሩን እንደገና አወረድነው። በዚህኛው ዙር ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጠራሁ። ስፒንጂ ዲስኮውን አገላብጠው አዩት፣ ካቻቢቴ አነሱና ጠርዙን ፋቅ ፋቅ አደረጉት። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ቀለም ነው። ፋብሪካ እንዲህ አድርጎ ቀለም አይቀባም» አሉኝ። ከቀለሙ ስር ብረቱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለ። ብረት በሙቀት ሲቃጠል የሚያወጣው ቀለም ነው። ዲስኩ ደግሞ ሸራው ብቻ ነው አዲስ። መሃሉ ላይ ካምቢዮው የሚገባባቸው ጥርሶች ተበልተው እንደ መጋዝ ሾለዋል። አሮጌ ዲስክ ላይ አዲስ ሸራ አስመትተው ነው የሸጡልኝ። ሸራው ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት የለም፤ ስለዚህ መንሸራተቱ ከፓራዎሊዮው በፈሰሰ ዘይት አልመጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አድሶ መሸጥ ነውር አይደለም። ሸራ ማስመታት አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ባለሙያ በሐቅ የሚኖርበት ሥራ ነው፣ እኔም ለፍሬን አስመትቻለሁ። ነውሩ አሮጌውን ቀብቶ፣ በአዲስ ካርቶን አሽጎ፣ በአዲስ ዋጋ መሸጡ ነው። ቮልስ ማምረት የቆመው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ቢሆንም፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተ መኪና ስለሆነ መለዋወጫው ዛሬም ይሠራለታል። አዲስ የሚባል ዕቃ አለ ማለት ነው።

ሱቁ ስመለስ ሰውዬው አላወቀኝም። ደረሰኙን ሳሳየው አወቀኝ። «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም። ስትገጥሙት ነው ያቃጠላችሁት። መካኒክ ያልገጠመው ዕቃ ላይ እኔ ምን አገባኝ?» አለኝ። ራሳችን ለምንጠግን ሰዎች ይቺ ናት አደጋዋ። ዕቃው ቢበላሽ ጥፋቱ ሁሌ የኛ ነው።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ከገዛበት ቀን እንጂ ከገጠመበት ቀን አይደለም። የኔ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ 15 ቀኑ አልፏል። ደረሰኙም ላይ «መለዋወጫ» እንጂ «አዲስ የቮልስ ፍሪሲዮን» የሚል ነገር የለም። ምን ብዬ ልከራከር?

እና እናንተ እንዲህ አድርጉ። አሮጌውን ሳትፈቱ ዕቃ አትግዙ። ፈትታችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ 180 ሚሊሜትር የሆነ ዲስክ አለ፣ 200 የሆነ አለ፣ ጎን ለጎን ስታስቀምጡት ወዲያው ይታያል። ካርቶኑን አላስከፍትም ያለ ሱቅ ካለ ውጡ። ስፒንጂ ዲስኮው ዲስኩን የሚነካበት ፊቱ ላይ ክብ ጭረት ወይም ሰማያዊ ነጠብጣብ ካለ ሠርቷል። አዲስ ሲሆን ዝገት መከላከያ ቅባት ነው የሚኖረው። መሃሉ ላይ ቀለበት ያለው የድሮው ነው፣ ለ1971 እና ከዚያ ወዲህ ላለ ቮልስ ቀለበት የሌለው ነው የሚሆነው። የዲስኩን ጥርስ በጣታችሁ ዳብሱት። የሸራው ቡሎኖችም፣ ሪቬት የሚሏቸው፣ ከሸራው ጠልቀው መግባት አለባቸው፤ ጥፍራችሁ ከሸራው እኩል ካገኛቸው ተዉት። ኩሽኔታውን ጆሯችሁ ስር አሽከርክሩት፣ የሚያንኳኳ ከሆነ በቤንዚን የታጠበ ሊሆን ይችላል።

ከመግጠማችሁ በፊት የሁሉንም ፎቶ አንሡ፣ በሁለቱም ፊት። ደረሰኙ ላይ «አዲስ» ተብሎ የመኪናው ሞዴል ይጻፍ። የሚገጥምላችሁ ሰው ሲመቸው እንጂ ቀደም ብላችሁ አትግዙ። ከገጠማችሁ በኋላ ደግሞ እንጦጦ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ ሦስተኛ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ሞተሩ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ያኔውኑ እወቁት። አንዴ ብቻ ነው ታዲያ፣ ደጋግማችሁ ከሞከራችሁት እናንተው ታቃጥሉታላችሁ። ዲስክ ስታወጡ አቧራውን በኮምፕረሰር አትንፉት፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ነገር ሊኖርበት ይችላል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

መኪናዋ አሁን ትሄዳለች። ሌላ ሱቅ ከፍዬ ገዛሁ፣ በዚህኛው ካርቶኑን ባለሱቁ ራሱ ነው የከፈተልኝ። አሮጌው ስፒንጂ ዲስኮ ቀለሙ በግማሽ ተፍቆ ግቢያችን በር ላይ ተሰቅሏል። ጎረቤት ደወል ነው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል።