የሰዓት ሞጁል የቱ ይሻላል? 3231 ግዙ፣ ምክንያቱ ይሄው

"ጋሼ፣ ለሰዓት የትኛውን ልግዛ?" የሚል መልእክት ሳይመጣልኝ ሳምንት አያልፍም። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ በአርዱይኖ፣ ፕሮግራም በሚጻፍበት ትንሽ ቦርድ፣ የሚሞካክሩ የድሬ ልጆች ናቸው፤ ከሐረርም አሉ። አንዱ የትምህርት ቤት ደወል ይሠራል። ሌላው የአዛን ሰዓት፣ ሌላው ደግሞ የውሃ ፓምፕ በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ነገር። መልሴ ሁሌም ያው ነው፦ ዲኤስ 3231 የሚባል ሰዓት ቆጣሪ ቺፕ ያለበትን ሞጁል ግዙ። ምክንያቱን አንዴ በደንብ ልጻፈው።

ከዋጋ ልነሳ፣ ጥያቄው ሁሉ እዚያው ላይ ነዋ የሚያርፈው። ባለፈው እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ዞር ዞር ብዬ ስጠይቅ ሌላው የሰዓት ቺፕ፣ የዲኤስ 1307 ሞጁል፣ 300 ብር ተጠራልኝ። 3231ው እንደ ሱቁ ከ500 እስከ 650። ዋይፋይ ያለው ኢኤስፒ 8266 ቦርድ 900 አካባቢ። ሰዓቱን ከሳተላይት የሚቀበለውን ጂፒኤስ፣ ኔኦ 6ኤም የሚባለውን፣ 1500 ብር ብለው ንቅንቅ አይሉም። እናንተ ስትሄዱ ሌላ ዋጋ ይጠራላችሁ ይሆናል፣ እርስ በርስ ያላቸውን ልዩነት ያዙ። "አዲስ አበባ ይረክሳል" ብሎ አንድ ሞጁል ማስላክም አያዋጣም። የመላኪያው ተጨምሮ እዚያው ነው። ደግሞ ከተበላሸ ማን ይመልስላችኋል? ከአምስት ስድስት ልጆች ጋር አብራችሁ ካስላካችሁ ግን ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ ብዙዎቹ በ300 ብሩ ይሸነፋሉ። ሳቢያን አካባቢ ለአንድ ትምህርት ቤት ደወል የሠሩ ልጆች በ1307 ነበር የሠሩት። ሥራቸው ንጹሕ ነው፣ ሽቦው ተለቅሞ የታሰረ፣ ሣጥኑም ያምራል። መንፈቁ ሳያልቅ ግን ደወሉ ከመምህራኑ ስልክ ጋር ተለያየ፤ ደቂቃዎች ወደ ኋላ ቀረ። የልጆቹ ጥፋት አይደለም፣ ቺፑ ነው። 1307 የሚቆጥረው ከጎኑ የተበየደች ትንሽ ክሪስታል በምትሰጠው ምት ነው። የተለመደችው ክሪስታል በሚሊዮን ሰከንድ እስከ 20 ሰከንድ ትስታለች። ትንሽ ይመስላል፣ ግን በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር ወደ 52 ሰከንድ፣ በዓመት ከ10 ደቂቃ በላይ ነው። ርካሽ ሞጁል ላይ ያለችው ደግሞ ከዚህም ልትብስ ትችላለች።

በዚህ ላይ የድሬ ሙቀት አለ። እነዚህ ክሪስታሎች የተቃኙት ለ25 ዲግሪ ነው። ከዚያ ሲወጣም ሲወርድም ይዘገያሉ። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ሣጥን ውስጡ 45 ዲግሪ ከገባ፣ በሙቀቱ ብቻ በቀን ከ1 ሰከንድ በላይ ይጠፋል። ሐረር ላይ ትንሽ ይሻላል፣ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል። ድሬ ላይ ግን 1307 ለሰዓት የሚሆን ነገር አይደለም። ከ3.3 ቮልት ቦርድም ጋር አይስማማም፣ 5 ቮልት ይፈልጋል።

3231ው ክሪስታሉ ውስጡ ነው። ሙቀቱን ራሱ ይለካል፣ ራሱ ያስተካክላል። ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ስህተቱ በሚሊዮን ከ2 አይበልጥም፤ በዓመት ወደ 1 ደቂቃ ማለት ነው። ከ40 በላይ ቢወጣ እንኳ 3.5 ነው፣ በዓመት 2 ደቂቃ አይሞላም። ከ200 እስከ 350 ብር ባለ ልዩነት ይሄን ካገኛችሁ ክርክሩ ምን ላይ ነው?

ጣጣው የሚመጣው ሞጁሉ ላይ ነው። ገበያውን የሞላው ሰማያዊው፣ ዜድኤስ 042 የሚባለው፣ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የሚይዘውን ክብ ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግ መስመር አለው። የተሠራው ቻርጅ ለሚደረገው ለኤልአይአር 2032 ነው። ሱቅ ውስጥ የምታገኙት ግን ሲአር 2032 ነው፣ እሱ ደግሞ ቻርጅ አይደረግም። በ5 ቮልት ስታሠሩት መስመሩ ያለማቋረጥ ይገፋዋል። አንድ ሞጁል ለጥገና መጥቶልኝ ሳየው ባትሪው ሆዱ ተነፍቶ የመያዣውን ምላስ ወደ ላይ አጥፎታል፣ ዙሪያው ነጭ ዱቄት አውጥቷል፣ ሥሩ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኗል። ሊፈስም ሊፈነዳም ይችላል። ለኤልአይአሩም ቢሆን 5 ቮልት ይበዛበታል፣ ከ4.2 በላይ መሄድ የለበትም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሞጁሉ ላይ ከትንሿ ዳዮድ አጠገብ "201" የተጻፈባት ሬዚስተር አለች፣ 200 ኦም ማለት ነው። እሷን በመበየጃ አሙቁና አንሱ። ከዚያ ጥሩ ሲአር 2032 አስገቡ፣ ለዓመታት ይይዛል። መበየጃ ከሌላችሁ ከዚራም መጋላም ያለ የሞባይል ጠጋኝ በደቂቃ ያነሳላችኋል። ባትሪው ላይ ግን አትሰስቱ። በጅምላ ፓኬት የሚሸጠው ርካሹ ወር ሳይሞላው ይሞታል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል።

ቀጥሎ የፎርጅዱ ነገር። ቺፑን ብርሃን ላይ ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። ጽሑፉ ከተፋቀ ወለል ላይ እንደገና የተጻፈ ከመሰለ ተዉት። "3231" ካለ በኋላ "ኤም" የሚል ፊደል ካለበት ያ ሌላ ዓይነት ነው። ፎርጅድ አይደለም፣ ግን ስህተቱ በሚሊዮን 5 ነው፤ በ3231 ዋጋ አትግዙት። የምፈልገው "ኤስኤን" የሚለውን ነው። የማያሻማው ፈተና ቤት ነው። ከኢንተርኔት ሰዓት ጋር እኩል አድርጋችሁ ሙሉት፣ ሳምንት ተዉት። ደህናው ቺፕ ከ2 ሰከንድ ብዙም አይርቅም። ከ3 ሰከንድ በላይ ከሄደ ይዛችሁት ተመለሱ። ስለዚህ ስትገዙ "በሳምንት ልመልስ እችላለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ዓይኑን ለሚሰብር ሻጭ ብር አትስጡ።

"አቦ፣ ዋይፋይ እያለ ሞጁል ለምን?" የሚሉኝም አሉ። ኢኤስፒ 8266 ሰዓቱን ኤንቲፒ በሚባለው የሰዓት መጠየቂያ መንገድ ከኢንተርኔት ያመጣል፣ እሱ እውነት ነው። ትክክለኛነቱም ከበቂ በላይ ነው፤ ዳታም አይበላም፣ የምትላከው መልእክት 48 ባይት ናት። ግን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስቡት። ኢኤስፒው ከራውተሩ ቀድሞ ይነሳል፣ ኢንተርኔት ያጣል፣ ቆጠራው በሚነሳበት ዓመት፣ በፈረንጅ 1970 ላይ ቁጭ ይላል። ፕሮግራሙ ደጋግሞ እንዲሞክር ካልጻፋችሁት እዚያው ይቀራል። ኔትወርክ የተቋረጠ ቀን ደግሞ ምንም ማድረግ አይቻልም። እኔ ኤንቲፒን የምወደው 3231ውን እንዲሞላ ነው። ኢንተርኔት ሲኖር ያስተካክለው፣ ሳይኖር ቺፑ ብቻውን ይሂድ። ዋይፋይ ያለው ቦርድ ለሌላ ሥራ ከገዛችሁ ይሄ ጥምረት ምርጡ ነው።

ጂፒኤሱ ከሁሉም የላቀ ትክክል ነው፣ በሰከንድ አንዴ የሚሰጠው ምት ከማይክሮ ሰከንድ በታች ነው የሚስተው። ግን ለደወል ማን ማይክሮ ሰከንድ ይፈልጋል? 1500 ብር ከፍላችሁ ቤት ውስጥ ስታስቀምጡት ቆርቆሮው ሰማዩን ይሸፍንበታል። ጀጎል ውስጥ ጠባብ ግቢ ላለው ሰው ደግሞ አንቴናውን ጣሪያ ላይ ካላወጣ ተስፋ የለውም። ሌላም አለ፤ የጂፒኤስ ሰዓት ከዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) በ18 ሰከንድ ይቀድማል። ልዩነቱን ከሳተላይት እስኪያወርድ እስከ 12 ደቂቃ ተኩል ሊፈጅ ይችላል፣ እስከዚያ አንዳንዱ በጥቂት ሰከንድ ይዋሻል። ኮፒውም ብዙ ነው። ፍሪኩዌንሲ ለሚለካ ወይም ከኢንተርኔት ርቆ ገጠር ላይ መረጃ ለሚመዘግብ ሰው ግን እሱን የሚተካ የለም።

ዘመድ ከጀርመን "ራሱን የሚያስተካክል ሰዓት" አምጥቶላችሁ ውስጡን ልትጠቀሙ ካሰባችሁ ይቅር። የሚያስተካክለው የሬዲዮ ምልክት ከፍራንክፈርት አጠገብ ነው የሚሰራጨው፤ የሚደርሰው እስከ 2000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ከ5000 በላይ እንርቃለን።

አንድ የማይረሳ ነገር፦ 3231ውን በዓለም አቀፉ ሰዓት ሙሉት፣ ለማሳየት ብቻ ቀይሩ። ለፈረንጅ አቆጣጠር 3 ሰዓት ደምሩ። ለእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ቀንሱ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዓለም አቀፉ 4 ነው፣ 3 ሲቀነስ 1 ይመጣል። ቀኑን ግን ከተቀነሰው አታውጡ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ የትናንቱን ያሳያችኋል። ቀኑ 3 ከተደመረበት ይውጣ።