ቦቶክስ ለመወጋት የጥርስ ሐኪም ወይስ የቆዳ ሐኪም? ለሐዋሳ ነዋሪ የቀረበ ንጽጽር

ሐዋሳ ውስጥ የግንባሩን ሽብሽብ ለማለስለስ፣ ወይም ሌሊት ጥርሱን እያፋጨ ጠዋት የሚያመውን መንጋጋ ለማላላት ቦቶክስ መወጋት ያሰበ ሰው ሦስት ምርጫዎች ይቀርቡለታል፤ የጥርስ ክሊኒክ፣ የቆዳ ሐኪም እና የውበት ሳሎን። ሦስተኛውን ከወዲሁ ከንጽጽሩ አውጥቼዋለሁ። ቦቶክስ እንደ ቅባት ተገዝቶ የሚቀባ ነገር ሳይሆን ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት ስለሆነ፣ የሚወጋው ሰው ጉዳት ቢደርስ ማከም የሚችል መሆን አለበት። የሚቀረው ንጽጽር በሁለቱ ሐኪሞች መካከል ነው፤ «የጥርስ ሐኪም በፊት ቆዳ ምን አገባው?» የሚለው ክርክርም መልስ የሚያገኘው በዚሁ ውስጥ ነው።

ቦቶክስ የአንድ ምርት የንግድ ስም ሆኖ ሳለ በሕዝብ ዘንድ የመድኃኒቱ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ ዲስፖርት እና ዚዮሚን የሚባሉትም የዚሁ ዓይነት ናቸው። ንጥረ ነገሩ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ሲሆን፣ እጅግ ባነሰ መጠን ሲወጋ ነርቭ ወደ ጡንቻ መልእክት የሚያደርስበት አሴቲልኮሊን እንዳይለቀቅ ስለሚያግድ ጡንቻው ለጊዜው ይዝላል። ለውጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ መታየት ይጀምራል፤ በ2 ሳምንት ገደማ ሙሉ ይሆናል፤ ከ3 እስከ 4 ወር ቆይቶም ይለቃል።

የቆዳ ሐኪሞች ብቻ ናቸው ባለቤቶቹ የሚል ሰው ታሪኩን ቢያስተውል መልካም ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1989 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱን የፈቀደው ለዓይን መንሸዋረር እና ለዓይን ቆብ መኮማተር ነበር። የቫንኩቨሯ የዓይን ሐኪም ጂን ካራዘርስ ዓይን ቆባቸው የሚኮማተርባቸውን ሕመምተኞች ሲያክሙ በቅንድባቸው መካከል ያለው መስመር መጥፋቱን አስተዋሉ፤ ከቆዳ ሐኪሙ ባለቤታቸው ከአላስቴር ጋር ሆነውም በ1992 ውጤቱን አሳተሙ። ለዚህ መስመር ማስተካከያነት በአሜሪካ የተፈቀደው በ2002 ነው። እንግዲህ መርፌውን የጀመሩት የዓይን ሐኪሞች ከሆኑ፣ የጥርስ ሐኪምን በሙያ ስሙ ብቻ ማግለል አያስኬድም፤ ዋናው ነገር የትኛው ጡንቻ ነው የሚወጋው የሚለው ነው። እኔም ድንበሩን የማሰምረው በጉንጭ አጥንት ላይ ነው።

ከጉንጭ አጥንት በታች

ጥርስዎን ነክሰው ከጆሮዎ በታች ጉንጭዎን ቢዳስሱ የሚጠነክረው ነገር ትልቁ የማኘኪያ ጡንቻ ነው። ጥርስ ለማፋጨት እና ለመንጋጋ መወጠር የሚወጋው በአብዛኛው ይኸው ጡንቻ ሲሆን፣ በዚህ ጉዳይ ያለ ማመንታት የጥርስ ሐኪምን እመርጣለሁ። ምክንያቴም የጥርስ ሐኪም በዚህ አካባቢ በየቀኑ ማደንዘዣ ስለሚወጋ እጁ ለምዶታል የሚል ብቻ አይደለም። ከሁሉ በላይ፣ መርፌው ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን መለየት የሚችለው አፍዎን ከፍቶ የሚያይ ሰው ነው፤ የተፋቀ የጥርስ ጫፍ፣ የተሰነጠቀ ሙሊት፣ የጥርስ ምልክት የታተመበት የምላስ ዳር የሚታየው ለእርሱ ነው።

ሆኖም ደህና የጥርስ ሐኪም መርፌውን አስቀድሞ አያነሣም። ጥርስ ለማፋጨት መወጋት የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመድኃኒቱ ላይ ካጸደቃቸው አገልግሎቶች ውጪ ነው፤ ደግሞም የንክሻውን ኃይል ይቀንሳል እንጂ የማፋጨቱን ምክንያት አያጠፋም። እኔ ራሴ ጥርስ አፋጫለሁ፤ በመጀመሪያ የተሠራልኝ በልኬ የተዘጋጀ ማታ ማታ የሚደረግ የጥርስ ሽፋን ነው፤ እስካሁንም ከዚያ አላለፍኩም። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጥርስ ማፋጨትን ሊያመጡ ስለሚችሉ የሚወስዱትን ሁሉ ይንገሩ። ጫት የሚያዘወትር ሰውም ነገሩን ሊደብቅ አይገባውም፤ ጡንቻውን በመርፌ እያዛሉ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በማኘክ ማሠራት ገንዘብን በሁለት እጅ መበተን ነው። ከተወጉ በኋላ ጠንካራ ምግብ ማኘክ ሊያደክም ይችላል፤ መድኃኒቱ ወደ ጎረቤት ጡንቻ ከሰረገ ፈገግታ ይጣመማል፤ ተደጋግሞ ሲወጋም የመንጋጋ አጥንት ሊሳሳ ይችላል የሚል ሥጋት በጥናቶች ተነሥቷል።

ሲስቁ ድዳቸው እጅግ የሚታይባቸው ሰዎችም ለላይኛው ከንፈር ማንሻ ጡንቻ መርፌ ይወጋሉ። ይህም የጥርስ ሐኪም ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩ ከጡንቻው፣ ከድዱ ወይም ከመንጋጋ አጥንቱ ሊሆን ይችላል፤ መርፌው የሚረዳው ደግሞ ለመጀመሪያው ብቻ ነው። (በነገራችን ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት የከርሰ ምድር ውኃ ጠጥተው ያደጉ፣ ጥርሳቸው በመበለዙ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው የሚስቁ ብዙ ሰዎች አሉ። እነርሱ ለፊታቸው ያሰቡትን ገንዘብ መጀመሪያ በጥርሳቸው ላይ ቢያውሉት የተሻለ ዋጋ ያገኙበታል።)

ከጉንጭ አጥንት በላይ

ግንባር፣ የቅንድብ መካከል እና የዓይን ጥግ ሲሆን ሚዛኑ ወደ ቆዳ ሐኪም ያደላል። አንደኛው ምክንያት ምርመራው ነው። «ፊቴ አረጀ» ብሎ የሚመጣ ሰው ችግሩ መስመር ሳይሆን ማድያት ሊሆን ይችላል፤ ማድያትን ደግሞ ይህ መርፌ አይነካውም። ፊትዎን ሳያኮማትሩ እንኳ የሚታይ ጥልቅ መስመርም በመርፌ ብቻ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ይህን ለይቶ «ገንዘብዎን አያባክኑ» ሊል የሚችለው ቆዳን የሚያውቅ ሐኪም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የስሕተቱ ዓይነት ነው። በቅንድብ መካከል የተለመደው የቦቶክስ መጠን 20 ዩኒት (የመድኃኒቱ መለኪያ) ሲሆን በ5 ነጥቦች ተከፋፍሎ ይወጋል፤ ነጥቡ ትንሽ ዝቅ ካለ መድኃኒቱ ወደ ዓይን ቆብ ማንሻ ጡንቻ ሰርጎ ቆቡን ያወርደዋል። ያን ጊዜ የሚያነቃ መርፌ የለም፤ እስኪለቅ ሳምንታትን መታገሥ ነው። ለፊት መሙያነት የሚወጋው የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር እንኳ ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ መድኃኒት ሊሟሟ ይችላል፤ ቦቶክስ ግን እንዲህ ዓይነት ማፍረሻ የለውም።

የጥርስ ሐኪም ግንባር ፈጽሞ አይንካ ማለቴ አይደለም። በብሪታንያ የጥርስ ሐኪሞች ይህን ሥራ ይሠራሉ፤ በአሜሪካ ደግሞ የሚፈቀድላቸው ወሰን ከግዛት ግዛት ይለያያል። በተለይ ለዚህ ሠልጥኖ ሥራውን የሚያዘወትር ከሆነ ችሎታው ሊያጠራጥር አይገባም። ነገር ግን የሥልጠናውን ማስረጃ እና የሙያ ፈቃዱን ማየት መብትዎ ነው፤ ጥያቄው ያስቆጣው ሐኪም መልሱን ሰጥቶዎታል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ጥርሱን ሊያስሞላ ሄዶ አፉን ከፍቶ ለተኛ ሰው ስለ ግንባሩ ማንሣት ምክር ሳይሆን ገበያ ነው። እንዲህ የቀረበልዎትን ሐሳብ ቤትዎ ገብተው ያስቡበት።

ብልቃጡ

ሁለቱም ጋ እኩል መጠየቅ ያለበት የመድኃኒቱ አያያዝ ነው። የቦቶክስ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየት አለበት። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብልቃጡ በምን ተጭኖ እንደመጣ፣ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን ምን እንደሚያሠራው መጠየቅ ነገር መፈለግ አይደለም። ከብልቃጡ ላይ የመድኃኒቱን ስም እና የሚያበቃበትን ቀን በዓይንዎ ይዩ፤ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑንም ይጠይቁ።

በብልቃጡ ውስጥ ያለው ዱቄት ሳላይን በተባለ ንጹሕ የጨው ውኃ ከተበጠበጠ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ የአምራቹ መመሪያ ያዝዛል። በወር አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የሚወጋ ክሊኒክ የተረፈውን ለቀጣዩ ሰው ለማቆየት ይፈተናል፤ ይህም ሥራውን እንደ ጎን ሥራ የያዘ የጥርስ ክሊኒክ ዋና ድክመት ሊሆን ይችላል። ዋጋውንም «ለግንባር ይህን ያህል» ሲሉዎት በዩኒት ተተንትኖ ይቅረብልዎ። የዲስፖርት ዩኒት ከቦቶክስ ዩኒት ጋር እኩል ስላልሆነ ማወዳደር የሚቻለው የአንድ ዓይነት ምርት ዋጋ ብቻ ነው።

ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት መርፌውን ታቆየው። እንደ ማያስቴኒያ ግራቪስ ያለ የጡንቻ ድካም ሕመም ያለበት፣ ወይም ጄንታማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ እየወሰደ ያለ ሰው ሳይናገር አይወጋ። ከጥርስ ሌላ ስለ ጤናዎ ምንም ሳይጠይቅ መርፌ የሚያነሣ ሐኪም ካጋጠመዎት ይነሡ።

ከወጋዎት በኋላስ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሚዛኑን ሊገለብጠው ይችላል። የቆዳ ሐኪሙ ለአንድ ቀን ከአዲስ አበባ መጥቶ ብዙ ሰው ወግቶ ማታውኑ የሚመለስ ከሆነ፣ ዓይን ቆብዎ ቢወርድ ወይም አንዱ ቅንድብ ከሌላው ቢለይ በ14ኛው ቀን የሚያይዎት ማን ነው? በዚህ ሁኔታ በሥራው የሠለጠነ፣ ሁልጊዜ በክሊኒኩ የሚገኝ የሐዋሳ የጥርስ ሐኪም ለግንባርም ቢሆን ይሻለኛል። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎት ግን የወጋዎትን ሰው እየፈለጉ ጊዜ አያጥፉ፤ በቀጥታ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥር ላይ ሠርግ ያላት ሙሽራ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጋ ከሆነ ታኅሣሥ ሳይጋመስ ትወጋ፤ ውጤቱ ሞልቶ ለመታየት 2 ሳምንት፣ ሐኪሙ ጉድለቱን ለማስተካከል ደግሞ ተጨማሪ ቀናት ያስፈልጉታል። የሠርጉ ሳምንት ላይ «ዛሬውኑ እወጋሻለሁ» የሚላት፣ የጥርስም ይሁን የቆዳ ሐኪም፣ ትለፈው።