ጠርዙን አትቁረጡብኝ፦ በደብረ ብርሃን ላሠራኋቸው የአደጋ ጊዜ ካርዶች የተሰጠ ግምገማ

ለሥራ ጉዳይ በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ ስለምዘልቅ፣ ከመኪና ከወረድሁ በኋላም የሚጠብቀኝ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የእግር ስለሆነ፣ ከጀርባዬ የማትለይ አንዲት ትንሽ ቦርሳ አለችኝ። ባትሪ፣ ክብሪት፣ ፊሽካ፣ ፋሻ፣ ገመድና የዝናብ ልብስ ይዛለች። ለረጅም ጊዜ የጎደላት፣ ሰው ሲጨነቅ የሚረሳቸው ነገሮች የተጻፉበትና ዝናብ የማያበላሸው ወረቀት ነበር። ይህ ጽሑፍ ያንን ወረቀት ለማሠራት በከተማችን በአንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያገኘሁትን አገልግሎት፣ እንዲሁም የተሠራልኝ ካርድ በቤትና በመንገድ ያሳየውን ጠባይ የሚመለከት ነው። ከዚህ በታች የምተርከው ጥፋት በየትኛውም ተመሳሳይ ቤት ሊያጋጥም የሚችል በመሆኑ የቤቱን ስም አልጠቅስም።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን ይሠራል የሚለኝ ሰው አልጠፋም። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ወርዶ እጅ ሲደነዝዝ በእርጥብ ጣት ስልክ ለመክፈት የሞከረ ሰው መልሱን ያውቀዋል፤ ባትሪውም ቢሆን በብርድ ጊዜ ሞልቶ የወጣ እየመሰለ ድንገት ይጠፋል።

መጀመሪያ ያሰብሁት ዝግጁ ካርድ መግዛት ነበር። ከውጭ አገር በሚመጡ የአደጋ ጊዜ ቦርሳዎች ውስጥ የሚገኘውን፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ካርድ ከአንድ ባልደረባዬ ተውሼ አየሁት። ፕላስቲኩ ጠንካራ፣ ኅትመቱም ጥርት ያለ ነው፤ ይዘቱ ግን በእኛ ልክ አልተሰፋም። የእጅ ሰዓትን አግድም ይዞ ሰዓት ቆጣሪውን ዘንግ ወደ ፀሐይ ማቅናት፣ ከዚያም በዘንጉና በ12 ቁጥር መካከል ያለውን እኩሌታ ደቡብ ብሎ መያዝ ነው ይላል። ይህ ዘዴ የተበጀው የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምትታይባቸው አገሮች ነው። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ 7 አካባቢ እስከ ነሐሴ 22 አካባቢ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከራሳችን በስተ ሰሜን ታልፋለች፤ በክረምት ያንን ካርድ አምኖ የሚጓዝ ሰው ሰሜኑን ደቡብ ብሎ ሊይዝ ነው። በዚያ ላይ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው እኩለ ቀንን በ6 እንጂ በ12 አያገኘውም። የሰሜን ኮከብም ነገር እንዲሁ ነው። በካርዱ ሥዕል ላይ ከፍ ብላ ትታያለች፤ በእኛ ሰማይ ግን ከአድማስ የምትርቀው፣ ክንድ ዘርግተው ጡጫ ቢጨብጡ፣ የአንድ ጡጫ ያህል ብቻ ስለሆነ ሸለቆ ውስጥ ላለ ሰው ጨርሶ አትገኝም።

ስለዚህ የራሴን አራት ካርዶች በአማርኛ ጻፍሁ። የመጀመሪያው ስለ ውሃ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ባለፈ ቦታ ውሃ ከተንተከተከ በኋላ ለ3 ደቂቃ መፍላት እንዳለበት ይናገራል፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ከተማችን ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነውና። ሁለተኛው ስለ ተቅማጥና ስለ ደም መፍሰስ ነው፤ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለሚደማ ቁስል ደግሞ ንጹሕ ጨርቅ ደራርቦ ሳያነሡ አጥብቆ መጫን። ሦስተኛው አቅጣጫንና የድረሱልኝ ጥሪን ይዟል፤ በደቂቃ 6 ጊዜ ፊሽካ ነፍቶ ለ1 ደቂቃ ማረፍና መድገም፣ የሚመልስ ሰው ደግሞ በደቂቃ 3 ጊዜ ይነፋል። በአራተኛው ላይ የደም ዓይነቴ፣ የማይስማማኝ መድኃኒት፣ የቤተሰብ ስልክ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና የፖሊስ 991 ሰፍረዋል።

ወደ አገልግሎቱ ልምጣ። የቤቱ የኅትመት ሥራ ምስጋና ይገባዋል። ካርዱን በየትኛው ማተሚያ እንደሚያትሙልኝ ስጠይቅ፣ ቀለም የሚረጨው ኢንክጄት ለፎቶ፣ ሌዘሩ ደግሞ ለጽሑፍ እንደሆነ በማያሻማ ሁኔታ አስረዱኝ። ልዩነቱ ለእንዲህ ያለ ሥራ ወሳኝ ነው። የሌዘር ማተሚያ ቶነር በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ የሚጣበቅ የፕላስቲክ ዱቄት ስለሆነ ውሃ ቢነካውም አይፈስስም፤ የኢንክጄት ቀለም ግን በአብዛኛው ውሃ ባገኘ ጊዜ ይሰራጫል። ማስረጃው ቀላል ነው፤ ከሁለቱ የታተመ ወረቀት ላይ ጣት በምራቅ አርሶ ማሸት ይበቃል። የመጀመሪያው ቀን ችግር የመጣው ከእኔ ነበር፤ በፍላሽ ይዤ የሄድሁት ጽሑፍ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ በሌለ የቆየ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ስለነበር ሲከፈት ረድፍ በረድፍ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቁጭ አለ። ተመልሼ ወደ ፒዲኤፍ ለውጬ መጣሁ። (ፍላሼ ከቫይረስ ጋር አለመመለሱን እንደ ተጨማሪ አገልግሎት ቈጥሬላቸዋለሁ።)

ላሚኔት በማድረጉ፣ ማለትም ወረቀቱን በፕላስቲክ በማሸጉ ላይ ግን ተበላሸ፤ ዋናው ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። አራቱን ካርዶች በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ነበር ያሰናዳኋቸው። በማሽኑ የምትሠራው ልጅ ሙሉውን ወረቀት በፕላስቲኩ መካከል አስገብታ በማሽኑ ካሳለፈችው በኋላ፣ በመቁረጫው አራት ቦታ ከፈለችው፤ ዙሪያውን የተረፈውን ፕላስቲክም ከወረቀቱ ጋር እኩል አድርጋ ሸልታ፣ ቆንጆ አድርጋ ሰጠችኝ። በእርግጥም ያምር ነበር። ቤት ወስጄ አንዱን ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ አሳደርሁት። ጠዋት ሳየው ውሃው በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ገብቶ ወረቀቱን ግራጫ አድርጎ፣ ከዳር ወደ መሀል የጣት ውፍረት ያህል ተጉዟል፤ በሦስተኛው ቀን ፕላስቲኩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከሁለት ተከፈለ።

ምክንያቱን ለመረዳት አዳጋች አይደለም። የላሚኔሽን ፕላስቲክ ሁለት ገጽ አለው፤ በውስጥ በኩል የተቀባው ሙጫ በማሽኑ ሙቀት ይቀልጥና ሁለቱን ገጾች ያጣብቃል። ውሃን የሚከለክለው ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ጋር የተጣበቀበት ዙሪያ ነው እንጂ ወረቀቱን የሸፈነው ክፍል አይደለም። ዙሪያው ከተሸለተ ወረቀቱ እንደ ኩራዝ ክር ሆኖ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ለኤ4 የሚሸጠው ፕላስቲክ ስፋቱ 216 በ303 ሚሊ ሜትር ሲሆን ወረቀቱ 210 በ297 ስለሆነ፣ በየጎኑ የሚተርፈው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በመሀል ለሚቆረጥ ካርድ ደግሞ ጭራሹን የሚተርፍ የለም።

በማግስቱ የራሰውን ካርድ ይዤ ተመለስሁ። ልጅቷ አገላብጣ አየችው፤ «ጋሼ፣ ጠርዙ ሲተርፍ እኮ አያምርም፣ ሰዉ ሁሉ ቁረጪልኝ ነው የሚለኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ መታወቂያና የምስክር ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ውበቱ ይበልጥበታል። «እኅቴ፣ ለእኔ አይመር፤ ብቻ ውሃ አያስገባ» ብዬ የምፈልገውን አስረዳኋት። ለሁለተኛ ጊዜ የተሠራው እንዲህ ነው፦ ወረቀቱ አስቀድሞ አራት ቦታ ተቆረጠ፤ አራቱ ቁራጮች ከአራቱም በኩል ትንሽ ትንሽ ጠብበው በመካከላቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት እንዲኖር ተደርጎ በፕላስቲኩ ውስጥ ተደረደሩ፤ ከማሽን ከወጣ በኋላም በክፍቱ መካከል ተቆረጠ። እያንዳንዱ ካርድ ዙሪያውን ወደ አምስት ሚሊ ሜትር የሚጠጋ የፕላስቲክ ዳር አገኘ። የማዕዘኖቹን ሹል በመቀስ አክብባ ሰጠችኝ፤ ይህን እኔ አላዘዝኋትም፤ ነገር ግን ሹል ማዕዘን ቦርሳ ውስጥ ቀድሞ የሚላጠው እሱ በመሆኑ ከሁሉ የወደድሁት ይህን ነው። ለሁለተኛው ሥራ የጠየቁኝ የፕላስቲኩን ዋጋ ብቻ ሲሆን እሱም ከአንድ ማኪያቶ ብዙ አይርቅም።

አዲሶቹን ካርዶች አንድ ሳምንት ሙሉ ሳፋ ውስጥ አቆየኋቸው፤ ውሃ አልገባባቸውም። በኅዳር ወር ውርጭ በወረደበት ሌሊት ደጅ አሳደርኋቸው፤ ጠዋት አመዳዩን በእጅጌዬ ጠርጌ አነበብኋቸው። የተጎዱት ሲታጠፉ ነው። ወፍራም ፕላስቲክ ለመታጠፍ አልተሠራም፤ አንዱን ሁለት ቦታ አጥፌ ኪሴ ውስጥ ይዤ ስዞር በእጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ወጣ፣ ቆይቶም ተሰነጠቀ፣ በስንጥቁም ውሃ ገባ። ስለዚህ ካርድ ከመጀመሪያውኑ በኪስ ልክ ተቆርጦ መሠራት አለበት። እኔ ውፍረቱ 125 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሚባለውን ነው ያሠራሁት፤ ቤቱ ያለው ሌላ ዓይነት 80 ማይክሮን ሲሆን እሱ ለቦርሳ ይሳሳል።

ማሽን በሌለበት ገጠር ላለ ሰው ሰፊ ግልጽ ስኮች በወረቀቱ በሁለቱም በኩል መለጠፍ አማራጭ ነው። ሞክሬዋለሁ፤ ዳሩ በሚገባ ከተረፈ ለወራት ያገለግላል፤ ነገር ግን ፀሐይ ላይ ሲቆይ ሙጫው ይለሰልስና ከቦርሳው አቧራ ጋር ይዋሃዳል። በፌስታል መጠቅለልን ግን አልመክርም፤ ውሃ አንዴ ከገባ መውጫ የለውም።

ሁለት ነገሮች ጨምሬ ላንሣ። አንደኛው ከባድ ስሕተቴ ነው። የደም ዓይነቴ የተጻፈበት የላቦራቶሪ ወረቀት እንደ ባንክ ማሽን ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ዓይነት መሆኑን ሳላስተውል ላሚኔት እንዲደረግልኝ ሰጠሁ፤ ከማሽኑ ከሰል መስሎ ወጣ። እንዲህ ያለው ወረቀት ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ስለሆነ፣ መጀመሪያ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ኮፒው ነው መታሸግ ያለበት። ይህንን ልጅቷ ልትነግረኝ ይገባ ነበር እላለሁ፤ በዚህ ረገድ ቤቱ ይወቀሳል። ሁለተኛው፣ በታሸገ ካርድ ላይ እርሳስ አይጽፍም፤ ማርከር ይጽፋል፣ በሳኒታይዘርም ይጠፋል። ለማስታወሻ የሚሆን አንድ ያልታሸገ ደብተርና እርሳስ አብሮ መያዝ ግድ ነው፤ እርሳስ በእርጥብ ወረቀት ላይ እንኳ አይፈስምና።

አገልግሎቱን በጥቅሉ እወደዋለሁ፤ ኅትመቱ ጥሩ፣ ዋጋው ተመጣጣኝ፣ ስሕተትን ተቀብሎ የማረም ጠባያቸውም የሚያስመሰግን ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ግን ወረቀቱ አስቀድሞ እንዲቆረጥና ዳሩ እንዲተርፍ ማሽኑ ሳይሞቅ ይናገር፤ ካልተናገረ የሚሰጡት የሚያምረውን ነው። በእኔ ካርዶች ላይ የቀረ ጉድለት ቢኖር የፊደሉ መጠን ነው። አራት ካርድ ላይ ብዙ ነገር ለማጨቅ ስል በ9 ቁጥር አሳተምሁት፤ በቀን ይነበባል፣ በማታ በባትሪ ብርሃን ግን ፕላስቲኩ ስለሚያንጸባርቅ «ሰ» እና «ስ»፣ «ለ» እና «ሉ» ይምታቱብኛል። ከሰኔ በፊት የተቅማጡን ካርድ ለሁለት ከፍዬ በ12 ቁጥር እንደገና አሳትመዋለሁ።