የብሔር ስድብን በአማርኛ ማጣራት፦ የፌስቡክ፣ የዩቲዩብ፣ የቲክቶክና የቴሌግራም ቃል ማገጃዎች ሲመዘኑ

ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ የፔጅ ወይም የቻናል ባለቤት የማይፈልጋቸውን ቃላት አስቀድሞ መዝግቦ ከአስተያየት መስጫው እንዲያግድ ይፈቅዳሉ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ነው። ሁሉንም ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል። እዚህ የምንመዝናቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብሔርን የሚያዋርድ አማርኛ፣ በተለይ በተራ ወሬ ውስጥ ተሸሽጎ የሚመጣውን፣ ምን ያህል ያስቀራሉ? ዝርዝሩ በደንብ ከተዘጋጀ ቃሉን ያስቀራሉ። ስድቡን ግን ሁልጊዜ አያስቀሩም፤ ብዙ ጊዜ ከባዱ ስድብ አንድም የሚታገድ ቃል የለበትም። ስለዚህ ማገጃውን መጠቀም ግድ ነው እንላለን፤ በእሱ ተማምኖ መተኛት ግን አይቻልም።

ከቃሉ እንጀምር። ጋላ፣ ወላሞ፣ ሻንቅላ፣ ፈላሻ፤ እነዚህ የተጠሩባቸው ሕዝቦች የማይቀበሏቸው መጠሪያዎች ናቸው። ኦሮሞ፣ ወላይታ፣ ጉሙዝ፣ ቤተ እስራኤል የሚል ስም እያለ እነሱን መርጦ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ «ድሮ እንዲህ ነበር የሚባለው» የሚል መከላከያ አዘጋጅቶ ነው። ከዝርዝሩ መጀመሪያ የሚገቡት እነሱ ናቸው። አጋሜ ግን ይለያል። ለስድብ ቢውልም የአዲግራት አካባቢ ሰው የገዛ አገሩን የሚጠራበት ስም ስለሆነ፣ በቀጥታ ከሚያግድ ማጣሪያ ይልቅ ለአድሚን አቆይቶ በሚያሳይ ማጣሪያ ውስጥ ቢገባ ይሻላል።

ችግሩ የሚጀምረው ፊደሉ ላይ ነው። አማርኛ አንዱን ድምፅ በብዙ ፊደል ይጽፋል፤ ማጣሪያው ደግሞ እያንዳንዱን አጻጻፍ እንደ ሌላ ቃል ያየዋል። ሰውን በእንስሳ ለማዋረድ የሚጻፈውን «አህያ» እንውሰድ። አ በአራት መልክ ይጻፋል (አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ)፤ ህ በሦስት (ህ፣ ሕ፣ ኅ)። አንዱ ቃል 12 አጻጻፍ ሆነ ማለት ነው። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ያሉበት ቃል ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ በእጥፍ ይጨምራል። «ባሪያ» እነዚህ ፊደላት ባይኖሩበትም «ባርያ» ተብሎም ይጻፋል፤ «ሻንቅላ» «ሻንቂላ» ይሆናል። ዝርዝር ሲዘጋጅ አብዛኛው አድሚን የሚስተው ይህንን ነው፤ አንዱን አጻጻፍ ያስገባና ሌላው ሲያመልጥ መሣሪያው አይሠራም ይላል።

ቀጥሎ ቅጥያው አለ። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል «የነፍጠኛ»፣ «ለነፍጠኛ»፣ «ነፍጠኛው»፣ «ነፍጠኛን» ሆኖ ይመጣል። «ነፍጠኞች» ሲባል ደግሞ ኛ ወደ ኞ ስለሚለወጥ፣ «ነፍጠኛ» የሚለውን ከቃሉ መሐል የሚፈልግ ማጣሪያ እንኳ አያገኘውም። ሒሳቡን እንየው። አንድ ቃል 12 አጻጻፍ ኖሮት እያንዳንዱ በ6 ቅጥያ ቢመጣ 72 ቦታ ይይዛል። ፌስቡክ የሚፈቅደው እስከ 1,000 ቃል ነው፤ እንዲህ ያሉ 14 ቃላት ሳይሟሉ ኮታው አለቀ። ስለዚህ ሁሉንም አጻጻፍ መደርደር አያዋጣም። ሰው በስልክ ሲጽፍ ቅርብ ያለውን ፊደል ነው የሚነካው፤ ከ12ቱ ውስጥ በፔጁ ላይ በእርግጥ የታዩትን ሁለት ሦስት አጻጻፎች፣ ከነብዙ ቁጥሩ፣ ማስገባት ይበቃል። የቀረው ሲገኝ ይጨመራል።

አሳጥሮ ማስገባትም የራሱ ጣጣ አለው። ማጣሪያው የቃል ክፍልን የሚይዝ ከሆነ «ጋላ» ሲታገድ ፈረስ «ጋላቢ» አብሮ ይታገዳል፤ በጅቡቲ ድንበር ያለችው «ጋላፊ»ም እንዲሁ። የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚከታተሉት ፔጅ ላይ ጋላፊ መጥፋቱ ትንሽ ነገር አይደለም። «ባሪያ» ቢታገድ «እኔ ባሪያህ» ብሎ ጸሎት የጻፈ ምዕመን አስተያየቱ ይሰወራል። «ተረኛ» አንድን ብሔር ለመውጋት የሚወረወር ቃል ከሆነ ሰነባብቷል፤ ነገር ግን ተረኛ መድኃኒት ቤት የሚፈልግ ሰውም በዚሁ ቃል ነው የሚጽፈው። «ጁንታ» በጦርነቱ ጊዜ በትግራይ ሰው ላይ በጅምላ ሲለጠፍ ነበር፤ የማሊንና የኒጀርን ዜና የሚያወጣ ፔጅ ግን ቃሉን ያለማቋረጥ ይጠቀምበታል። «ነፍጠኛ»ም በአማራ ላይ ስድብ ሆኖ ይነገራል፤ በታሪክ ውይይት ውስጥ ደግሞ ጠመንጃ ይዞ የሰፈረን ወታደር የሚገልጽ ቃል ነው። እንዲህ ባለ ሁለት መልክ ቃላት ላይ ማገድ ሳይሆን ማቆየት ነው የሚያስፈልገው።

በዚህ ሚዛን ዩቲዩብ ይበልጣል። በዩቲዩብ ስቱዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ኮሚዩኒቲ የሚለውን ከፍቶ፣ ብሎክድ ዎርድስ በሚለው ሳጥን ቃላቱን በኮማ እየለዩ ማስገባት ነው። የተያዘው አስተያየት አይጠፋም፤ እስከ 60 ቀን ለእይታ ተቀምጦ አድሚኑ ያጸድቀዋል ወይም ያስወግደዋል። ይህ ለአማርኛ ትልቅ ጥቅም ነው፤ «ጋላ ብሎ ሰደበኝ» ብሎ የደረሰበትን የጻፈ ሰው ከሰዳቢው ጋር አብሮ ዝም አይባልም። ቀጥታ ስርጭት ላይ ግን ተመሳሳይ ቃል ያለው መልእክት በዚያው ይታገዳል፤ ስለዚህ በስርጭት ሰዓት ሰው የሆነ ሞደሬተር መመደብ ያስፈልጋል። ቲክቶክም በፕራይቬሲ ሥር ባለው የኮሜንት ማጣሪያ ቃሉ ያለበትን አስተያየት እስኪጸድቅ ያቆያል።

ፌስቡክ ላይ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የተሰወረ አስተያየት ከሁሉም ሰው አይሰወርም፤ ለጻፈው ሰውና ለጓደኞቹ ይታያል። ሰዳቢው ስድቡ እንደተለጠፈ ያስባል፣ ጓደኞቹም ሥሩ ገብተው ሊያሟሙቁት ይችላሉ። ስለዚህ ፌስቡክ ላይ ማጣሪያው የያዘውን በየቀኑ ከፍቶ ስድብ የሆነውን መሰረዝ ያስፈልጋል።

ቴሌግራም ላይ ሮዝ የተባለው ቦት ለአማርኛ ቅጥያ ከሁሉም ይመቻል፤ ምክንያቱም ከቃሉ ሥር በኋላ የኮከብ ምልክት ማድረግ ስለሚፈቅድ ነው። «ነፍጠ» ብሎ ኮከብ ቢደረግበት «ነፍጠኛው»ም «ነፍጠኞች»ም ይያዛሉ። እርምጃውንም ይመርጡለታል፤ ማስጠንቀቅ፣ ለጊዜው ዝም ማሰኘት፣ ማስወጣት። በማስጠንቀቅ ቢጀመር ጥሩ ነው። ድክመቱ የድምፅ መልእክትና በፎቶ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ነው፤ እነሱን አያይም። ግሩፑ ሲጋጋል የቴሌግራምን ስሎው ሞድ ከፍቶ በመልእክቶች መካከል 5 ወይም 15 ደቂቃ ማድረግ የስድብ ልውውጡን ያበርደዋል።

ሆን ብሎ የሚያመልጥ ሰውም አለ። በፊደላቱ መሐል ነጥብ ወይም ሁለት ነጥብ ይጨምራል፣ አንዱን ፊደል በቁጥር ይተካል፣ ወይም በላቲን ይጽፋል። በላቲን ሲጻፍ «ጠ» እንደ እንግሊዝኛ በቲ፣ እንደ ቁቤ በኤክስ ሊመጣ ስለሚችል ሁለቱም ይመዝገቡ። በእስራኤል ያሉ የአማርኛ ቻናሎች ጥቁርን ለማዋረድ የሚባለውን «ኩሺ» በዕብራይስጥም በአማርኛም ፊደል ቢጨምሩ ይጠቅማቸዋል።

አሁን ማጣሪያው ፈጽሞ ወደማያየው እንምጣ። «ትግሬ ሆኖ እንኳ ደግ ነው።» «ኦሮሞ አይመስልም፣ ጨዋ ልጅ ነው።» «አማራ ሆኖ ትዕቢት የለበትም።» አንድም የሚታገድ ቃል የለም፤ ሁሉም ምስጋና ይመስላሉ። መለያ መንገዱ ቀላል ነው፦ ብሔሩን አውጥቶ ማንበብ። «ደግ ነው» ብቻ ቢባል ምስጋናው ሙሉ ነው፤ «እንኳ» የገባው ሌሎቹ ደግ አይደሉም ለማለት ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነን ሰው ለማሾፍ ጾታ እያዛቡ፣ «ጠ»ን «ተ» እያደረጉ መጻፍም ከዚሁ ይመደባል። ሰዎች እንደ ቀልድ ስለሚያዩት ብዙ አድሚን ያልፈዋል። ሊታለፍ የማይገባው እሱ ነው፤ የሚሾፍበት ልጅ ከዚያ በኋላ አስተያየት አይጽፍምና።

መልሱ አጭር ይሁን፤ ቃሉን አይድገም። ለማያውቁት ሰው «እርስዎ» ብሎ «“እንኳ” ያሉት ለምን ይሆን? ደግ ነው ቢሉ በቂ ነበር» ማለት ይበቃል። የሰዳቢውን ብሔር መጠየቅ ወይም መገመት ግን አይገባም፤ ያን ጊዜ ፔጁ ራሱ የሚከላከለውን ነገር መሥራት ጀመረ። ሰውዬው ከተመለሰ መልካም፤ ከደገመ ሁለተኛ ክርክር ሳይገቡ ከፔጁ ማገድ ነው።

ለድርጅቱ ሪፖርት ማድረግስ? የፌስቡክ ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 በአማርኛና በኦሮምኛ የጥላቻ ጽሑፍን በራሱ የሚለይ ቴክኖሎጂ እንዳለው ገልጿል። በዚያው ወር ባሕር ዳር ላይ የተገደሉት የማዕረግ አማረ (ፕሮፌሰር) ልጅ ግን በታኅሣሥ 2022 ናይሮቢ ላይ በሜታ ላይ ክስ መሥርቷል፤ አባቱን የሚያጋልጡ የፌስቡክ ልጥፎች ሪፖርት ተደርገው በጊዜ አልተነሡም የሚል ነው። ስለዚህ ማስፈራሪያ፣ አድራሻ ወይም የሰው ፎቶ ያለበት ነገር ሲመጣ የድርጅቱን መልስ እየጠበቁ መቀመጥ አይገባም፤ ከራስ ገጽ ወዲያው ማውረድና ለሚመለከተው ሰው ማሳወቅ ይቀድማል።

በአገር ውስጥ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅት ጥቆማ ከደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሣ ይጠይቃል፤ የጥላቻ ንግግር ያሠራጨ ሰው እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊጣልበት ይችላል። የጥናት፣ የዜና፣ የኪነ ጥበብና የሃይማኖት ትምህርት ንግግር በአዋጁ ተለይቶ ተጠብቋል። ወደ ሕግ የሚሄድ ነገር ካለ ከመሰረዝ በፊት የአስተያየቱን ሊንክ መቅዳት፣ ቀንና ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሾት ማንሣት፣ የጻፈውን ሰው ፕሮፋይል ሊንክም መያዝ ያስፈልጋል፤ የፕሮፋይል ስም በአንድ ቀን ይለወጣል፣ ሊንኩ ግን ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆያል።