25 እጥፍ ወይስ 55? ለረጅም ርቀት ኢላማ ስኮፕ ስትመርጡ

ሐምሌ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ኒው ሜክሲኮ ራቶን ባለው የዊቲንግተን ተኩስ ማዕከል በደረታችሁ ተኝታችሁ 1,000 ያርድ ላይ የቆመውን ኢላማ ጠመንጃው ላይ በተገጠመው መነጽር፣ በስኮፕ፣ 55 እጥፍ አጉልታችሁ እዩት። አይቆምላችሁም። ጥቁሩ ክብ እንደሚፈላ ውሃ ይንተከተካል፤ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይፈስሳል። ማጉያውን ወደ 30 መልሱት። ክቡ ያንሳል፣ ግን ይሰበሰባል። የት እንደምታልሙ ታውቃላችሁ።

ይህን ያስቀደምኩት ሰዎች ስኮፕ ሲገዙ መጀመሪያ የሚያዩት ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር ስለሆነ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የገዛሁት። የመጀመሪያ ውድድሬ ላይ የብረት ኢላማዎቹ በተለያየ ርቀት ተሰቅለው ነበር። ስኮፔ ከ15 እጥፍ በታች አይወርድም። ሁለት ደቂቃ ተሰጠኝ፤ አብዛኛው ብረቱን በመፈለግ አለቀ። የማየው ሣር ብቻ ነበር፤ የቱ ሣር እንደሆነ ግን አላውቅም። ስኮፑ መጥፎ አልነበረም። ለሌላ ውድድር የተሠራ ነው።

ስለዚህ ከዋጋም ከስምም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው። ምን ልትተኩሱበት ነው?

አሜሪካ ውስጥ የረጅም ርቀት ኢላማ ተኩስ ሁለት ትልልቅ መንገዶች አሉት። አንደኛው ኤፍ-ክላስ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከካናዳዊው ጆርጅ ፋርክዋርሰን ነው። መሬት ላይ ትተኛላችሁ፣ ጠመንጃው በባይፖድ (ባለ ሁለት እግር መደገፊያ) ወይም በከረጢት ይደገፋል፣ ርቀቱ የታወቀ ነው፣ ኢላማው ወረቀት ነው። 1,000 ያርድ፣ ማለትም 914 ሜትር ላይ፣ አስር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ስፋት 25.4 ሴንቲሜትር ነው። መሃሉ ላይ ያለችው ኤክስ 12.7 ብቻ ናት። ሁለተኛው በ2012 የተጀመረው ፒአርኤስ (ፕሪሲዥን ራይፍል ሲሪስ) የሚያካሂደው ዓይነት ውድድር ነው። እዚያ ከአጥር ወደ ጎማ፣ ከጎማ ወደ ጣሪያ እየተዘዋወራችሁ፣ ሰዓት እየቆጠረባችሁ፣ ቅርብና ሩቅ ያሉ ብረቶችን ትመታላችሁ።

ለኤፍ-ክላስ ከተሠሩት ውስጥ በደንብ የሚታወቁት የናይትፎርስ ኮምፔቲሽን 15-55×52 (ከ15 እስከ 55 እጥፍ ያጎላል፣ የፊት ሌንሱ 52 ሚሊሜትር ነው) እና የቮርቴክስ ጎልደን ኢግል 15-60×52 ናቸው። ለፒአርኤስ ዓይነቱ ደግሞ የቮርቴክስ ሬዘር ጄን 2 4.5-27×56፣ የሊዮፖልድ ማርክ 5ኤችዲ 5-25×56፣ በዋጋ ዝቅ ሲል የቮርቴክስ ቫይፐር ፒኤስቲ ጄን 2 5-25×50 አሉ።

በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የመስቀሉ፣ ማለትም ስኮፑ ውስጥ የምታልሙባቸው መስመሮች፣ ቦታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መስቀላቸው ሁለተኛ ፎካል ፕሌን ላይ፣ ማለትም ከማጉያ ሌንሶቹ በኋላ ነው። ምስሉን ብታጎሉትም ብታሳንሱትም መስቀሉ አይለወጥም፣ ሁልጊዜ ቀጭን ነው። ኤክሷን ሳይሸፍን መሃሏ ላይ ይቀመጣል። ችግሩ፣ መስቀሉ ላይ ያሉት ምልክቶች እውነተኛ መጠናቸውን የሚሰጡት በአንድ የተወሰነ ማጉያ ላይ ብቻ ነው። ማጉያውን በግማሽ ብትቀንሱት አንዷ ምልክት የሁለት ያህል ትሆናለች። የኤፍ-ክላስ ተኳሽ ይህ ብዙም አያስጨንቀውም፤ ርቀቱ አይለወጥበትም፣ ከፍታውን አንዴ አዙሮ ይጨርሳል። በፒአርኤስ ግን በጥድፊያ መሃል ያንን ማስላት አይሞከርም። ለዚህ ነው በሌላኛው ወገን የጠራኋቸው መስቀላቸው አንደኛው ፎካል ፕሌን ላይ፣ ከማጉያ ሌንሶቹ በፊት የሆነው። መስቀሉ ከምስሉ ጋር አብሮ ያድጋል፣ አብሮ ያንሳል። 12 ላይም ሆናችሁ 25፣ አንድ ሚል (የርቀቱ አንድ ሺህኛ) አንድ ሚል ነው።

ቀጥሎ ቀጭታው ይመጣል። መዞሪያውን አንድ ጊዜ ቀጭ ስታደርጉት ጥይቱ ስንት ይንቀሳቀሳል? የኤፍ-ክላሶቹ በአንድ ስምንተኛ ኤምኦኤ (ኤምኦኤ የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ነው) ይሄዳሉ፤ 1,000 ያርድ ላይ 3.3 ሴንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። በሚል የሚሠሩት በአንድ አስረኛ ሚል ይሄዳሉ፤ እዚያው ርቀት ላይ 9 ሴንቲሜትር። ስፋቷ 12.7 የሆነችን ኤክስ ለሚያሳድድ ሰው 9 ሴንቲሜትር ሻካራ ነው። ሰፊ ብረት ለሚመታ ሰው ግን ይበቃል፤ በዚያ ላይ ለማዞር ይፈጥናል። ሚል ወይስ ኤምኦኤ ብሎ ሰዓታት መከራከር አያስፈልግም። መስቀሉና መዞሪያው በአንድ ቋንቋ ይናገሩ፣ አብረዋችሁ የሚተኩሱት ሰዎችም ያንኑ ይናገሩ፤ በቃ።

ብርሃን ደግሞ አለ። የፊተኛውን ሌንስ ስፋት በማጉያው አካፍሉት። 56ን ለ25 ስታካፍሉ 2.2 ሚሊሜትር ይመጣል። 52ን ለ55 ስታካፍሉ 1 እንኳን አይሞላም። ወደ ዓይናችሁ የምትገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይህችው ናት። ከ1 ሚሊሜትር በታች ስትሆን አንገታችሁ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይጠፋል። ተኝቶ ተረጋግቶ ለሚተኩስ ይቻላል። ጎማ ላይ ለተንጠለጠለ ሰው ግን መከራ ነው።

ክብደትን በሁለት ዓይን እዩት። ሬዘር ጄን 2 ወደ 1.4 ኪሎ ይጠጋል፣ ማርክ 5ኤችዲ 850 ግራም ገደማ ነው። ኤፍ-ቲአር የሚባለው የኤፍ-ክላስ ምድብ ጠመንጃ ስኮፑንና ባይፖዱን ጨምሮ ከ8.25 ኪሎ መብለጥ ስለማይችል እያንዳንዷ ግራም ትቆጠራለች። በፒአርኤስ ግን ክብደቱ ጠመንጃውን ስለሚያረጋጋው ብዙዎች አይጠሉትም።

አንድ ስኮፕ ብቻ የምትገዙ ከሆነ፣ የኔ ምክር 5-25፣ አንደኛ ፎካል ፕሌን፣ በሚል የሚሠራ ነው። ኤክስ ማሳደድ እንደምትወዱ ካረጋገጣችሁ በኋላ 55ቱን ግዙ። ከዚያ በፊት አይደለም።

ከመክፈላችሁ በፊት የቱቦውን ውፍረት እዩ። ቫይፐርና ሁለቱ የኤፍ-ክላስ ስኮፖች 30 ሚሊሜትር፣ ሬዘር 34፣ ማርክ 5ኤችዲ 35 ናቸው። ስኮፑን የሚይዘው የ34 ቀለበት ለ35 አይሆንም። አንድ ሱቅ "ይገባል፣ ትንሽ ጠበቅ ይላል" ብሎ ሸጦልኝ ነበር። በግድ የገባ ቀለበት ቱቦውን ይጎዳዋል። ሌላም ነገር አለ፤ የጠመንጃ ስኮፕ ከአሜሪካ ሲወጣ በኤክስፖርት ቁጥጥር ሕግ ሥር ነው። ለአገር ቤት ዘመድ ስጦታ ብላችሁ ያለ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት።

የስኮፑ መቀመጫም ይታሰብበት። 308 ጥይት ለሚተኩሱ ብዙ ጠመንጃዎች እስከ 1,000 ያርድ ከ10 እስከ 12 ሚል ገደማ፣ ማለትም ከ34 እስከ 41 ኤምኦኤ፣ ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ስኮፑ ከላይ እስከ ታች ያለው ጠቅላላ እንቅስቃሴ 60 ኤምኦኤ ከሆነ፣ መሃል ላይ ሲቀመጥ ወደ ላይ የሚቀረው 30 ብቻ ነው። አይደርስም። 20 ኤምኦኤ ያዘነበለ መቀመጫ ስታስገቡ ወደ 50 ይጠጋል።

አሁን ወደ መግጠሙ እንሂድ፤ ብዙ ሰው 2,000 ዶላር ከፍሎ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ማጉያውን ትልቁ ቁጥር ላይ አድርጉና ቡሎኖቹን ሳታጠብቁ በምትተኩሱበት አኳኋን ተኙ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጉንጫችሁን ሰደፉ ላይ አሳርፉ። ከዚያ ግለጡ። ዳር ዳሩ ጠቁሮ ከታያችሁ አንገታችሁን ሳይሆን ስኮፑን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አንቀሳቅሱ። ሙሉ ምስል እስኪመጣ ድረስ ደጋግሙት። ቀጥሎ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ እያያችሁ (ፀሐይን በፍጹም አይደለም) ስኮፑ ላይ በዓይናችሁ በኩል ያለውን የማጥሪያ ቀለበት መስቀሉ ወዲያው እስኪጠራ አዙሩት። ከሁለት ሰከንድ በላይ አትፍጠጡ፤ ዓይን ራሱን ያስተካክልና ያታልላችኋል።

ከዚያ ቱምቢ ስቀሉ። ግንበኛ የሚጠቀምበት ያው ቱምቢ፣ ክር ላይ የታሰረ ክብደት። ጠመንጃውን በውሃ ልክ አስተካክላችሁ የመስቀሉን ቋሚ መስመር ከክሩ ጋር አጋጥሙ። ስኮፑ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ 10 ሚል ስታዞሩ 1,000 ያርድ ላይ ጥይቱ 16 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ይሄዳል። መሃሉን ያለመ ሰው ከአስሩ ክብ ወጣ ማለት ነው፤ ጥፋቱንም በነፋስ ያሳብባል። ቡሎኖቹን ተራ በተራ፣ በሰያፍ፣ በቶርክ መፍቻ አጥብቁ። ለቀለበቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ኢንች-ፓውንድ ነው፣ ግን ከስኮፑና ከቀለበቱ ጋር የመጣውን ወረቀት እመኑ። በእጅ ግምት አይሆንም።

100 ያርድ ላይ ዜሮ አድርጉት፤ ማለትም ጥይቱ ያለማችሁበት ቦታ እስኪያርፍ አስተካክሉት። ፓራላክሱን (ዓይን ሲንቀሳቀስ መስቀሉ ኢላማው ላይ የሚንሸራተትበትን ስህተት) ስታስተካክሉ በመዞሪያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ጭንቅላታችሁን ትንሽ አወዛውዙና መስቀሉ ኢላማው ላይ የማይንሸራተትበትን ቦታ ፈልጉ።

በመጨረሻ የምነግራችሁን ፈተና ብዙ ሰው ይዘለዋል። ረጅም ካርቶን ላይ በቱምቢ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፣ ልክ 100 ያርድ ላይ አቁሙት። ርቀቱን በመለኪያ ገመድ ለኩት፣ በግምት አይደለም። ታች ያለችውን ነጥብ አልማችሁ ሦስት ተኩሱ። 10 ሚል ወደ ላይ አዙሩና ያችኑ ነጥብ አልማችሁ ሦስት ድገሙ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል 91.4 ሴንቲሜትር መገኘት አለበት። የኔው 89.6 ነው የሰጠኝ፤ 10 ሲባል 9.8 ይሄዳል። 100 ያርድ ላይ ምንም አይደለም። 1,000 ላይ ግን 18 ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል፤ ለስንት ወር በጥይቱ ሳሳብብ ነበር። አሁን 9.8 ብዬ በነጭ ፕላስተር ጽፌ ሰደፉ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የማዞረውን ሁሉ የማሰላው በዚያ ነው።