ከስምንት ወር በኋላ፦ የባርኮድ ስካነሬና የሌብል ማተሚያዬ

ጎንደር ውስጥ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ባለገመድ ስካነርና ትንሽ የሌብል ማተሚያ የገዛሁት ለጥምቀት ግርግር እንዲደርስልኝ ብዬ ነበር። አሁን መስከረም ነው። ስካነሩ ስንቴ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ዛሬም ይሠራል፤ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። እኔን ያለፋኝ የባርኮዱ ዓይነት ነው።

በኮድ 39 ጀመርኩ። አስቤበት አይደለም፤ ፕሮግራሙን ስከፍተው ቀድሞ የመጣልኝ እሱ ነው። ኮድ 39 ላይ የማረጋገጫ አሃዝ፣ ማለትም ስካነሩ በትክክል ማንበቡን የሚፈትሽበት ተጨማሪ ምልክት፣ ግዴታ አይደለም። አንድ ቀን ግሪስ የነካው የፍሪሲዮን ካቦ ሳስነብበው የጎማ ዋጋ አወጣ። ሹፌሩ ከኔ ቀድሞ አየው።

«ጋሼ፣ ካቦው ወርቅ ሆነ እንዴ?»

በዚያው ሳምንት ወደ ኮድ 128 ዞርኩ። እሱ ማረጋገጫው የግድ አብሮት ይታተማል። ሌብሉ ከተበላሸ ዝም ይላል እንጂ የሌላ ዕቃ ቁጥር አይሰጠኝም። ዝም ሲል ከሥሩ ያለውን ቁጥር በእጄ እጽፋለሁ።

እሱም ግን አስቸግሮኛል። ሌብሌ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ማተሚያው በአንድ ሚሊ ሜትር 8 ነጥብ ያትማል፤ ቀጭኑ መስመር ደህና እንዲነበብ 2 ነጥብ እሰጠዋለሁ። በዚህ ልክ 12 ፊደል ያለው ኮድ ከግራ ቀኙ ባዶ ቦታ ጋር ወደ 47 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ፕሮግራሙ መስመሮቹን አቅጥኖ አስገባው፤ ስካነሩም አንዴ ያነባል፣ አንዴ ያላግጣል። የገላገለኝ ፊደሉን ትቶ ቁጥር ብቻ መጠቀም ነው። ኮድ 128 ሁለት አሃዝ በአንድ ፊደል ቦታ ያስቀምጣል። 8 አሃዝ የወሰደብኝ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ኪውአርም (በነጠብጣብ የተሞላውን ባለ አራት ማዕዘን ኮድ) ሞክሬያለሁ። የኔ ስካነር ካሜራ ያለው ስለሆነ ያነበዋል፤ መስመር ብቻ የሚያነበው የሌዘር ስካነር ግን አይችልምና ሳትከፍሉ ጠይቁ። እስከ 7,089 አሃዝ ይይዛል ይሉታል። ለአንዲት ካንዴላ ምን ያደርግላታል! እኔ የፈለግኩት የዕቃውን ስም በአማርኛ ማስገባት ነበር። ስልኬ «የፍሬን ሸራ» ብሎ አነበበው። ኮምፒውተሩ ግን ስካነሩን እንደ ኪቦርድ ስለሚቆጥረው ፊደሎቻችን የጥያቄ ምልክት ሆነው ተደረደሩ። ስለዚህ ባርኮዱ ውስጥ ቁጥር ብቻ፣ ስሙ ከሥሩ ለዓይን። ኪውአር የቀረው ለትንንሽ የኩሽኔታ ፓኮዎች ነው፤ ባለ 8 አሃዙ 15 ሚሊ ሜትር በ15 ይበቃዋል። የእርማት ደረጃውን (የተበላሸውን ክፍል ራሱ የሚሞላበትን አቅም) ከፍተኛው ላይ ካደረጉት እስከ 30 በመቶ ያህሉ ቢጎዳም ይነበባል፤ ግሪስ በማይጠፋበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የማተሚያው ነገር፦ ቀለም የለውም፣ በሙቀት ነው የሚያትመው። መስታወቱ ዳር ፀሐይ ያገኛቸው ሌብሎች ክረምት ሳይገባ ገረጡ። ባለፈው ሳምንት እንደገና አትሜ ለጠፍኳቸው። ዕቃውንም ወደ ጥላው መደርደሪያ አዛውሬዋለሁ።